ፈረሰኞቹ፦ ከአራዳ የተነሳው ክለብ

የእግር ኳስ ክለቡ ቅዱስ ጊዮርጊስ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ልጅ አይደለም፤ ትውልዱ አራዳ ነው። ሆኖም በዚያው ክፍለ ከተማ፣ ጎፋም ሆነ ጀሞ፣ «የማን ደጋፊ ነህ?» ብለው ቢጠይቁ «የጊዮርጊስ!» የሚል አይታጣም። ሌላው መልስ ተቀናቃኙ «ቡና» ነው፤ ከዚያ በኋላ ጭቅጭቁ በቀላሉ አያልቅም።

ክለቡ የተመሠረተው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ነው። የጣሊያን ጦር ወደ መሃል አገር በሚገፋበት በዚያ ክፉ ጊዜ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የአራዳን ወጣቶች አሰባስበው ቡድን አቆሙ፤ ስሙንም ከሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱ። ከወራት በኋላ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ፤ የክለቡ ስምም በግድ ተቀይሮ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ።

ከድል በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ አምስት ቡድኖች ተገናኙ። ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች ነበሩ፤ አራተኛው የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልዕኮ ቡድን ሲሆን ዋንጫውንም እሱ ወሰደ። የሀገሬው ቡድን ጊዮርጊስ ብቻ ነበር። የክለቡን ማንነት ከዋንጫ መደርደሪያው ይልቅ እዚህ ብፈልገው ይሻለኛል። የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያገኘው እስከ 1942 ዓ.ም. ጠብቆ ነው፤ ዛሬ ቁጥሩ ከ30 አያንስም።

ስለ ጊዮርጊስ አውርቶ ይድነቃቸው ተሰማን መዝለል አይቻልም። ጅማ ተወልዶ 23 ዓመት ለዚህ ማሊያ ተጫወተ፤ በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳገባ ይነገርለታል። ጫማውን ከሰቀለ በኋላም አላረፈም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት እዚያ ነበር፤ ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ አሰልጣኟ እሱ ነበር፤ ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞቱ፣ 1979 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መራ። የዘር መድልዎ አራማጇ ደቡብ አፍሪካ ከአፍሪካ ኳስ እንድትገለል አጥብቆ ተሟግቷል። አንድ የሰፈር ቡድን ለአህጉሩ እንዲህ ያለ ሰው ሰጥቷል።

በደርግ ዘመን የክለቡ ስም ዳግም ተቀየረ፤ በቢራ ፋብሪካ ስም ተጫውቶ ዋንጫ ሲያነሳ ቆይቶ፣ ሥርዓቱ ሲወድቅ ወደ ጊዮርጊስነቱ ተመለሰ። ዋነኛ ተቀናቃኙ ኢትዮጵያ ቡና የተመሠረተው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ በዕድሜ ልጁ ይሆናል፣ በጩኸት ግን አያንስም። ሁለቱ ሲገናኙ ከተማዋ ለሁለት ትከፈላለች።

በ2009 ዓ.ም. ፈረሰኞቹ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆኑ። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በዲኤስቲቪ እየተላለፈ ከተማ እየለዋወጠ መካሄድ ጀመረ፤ የአዲስ አበባ ስታዲየምም ለእድሳት ተዘጋ። ስለዚህ ጊዮርጊስ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. በተከታታይ ሻምፒዮን ሲሆን፣ የጀሞ ደጋፊ ከአራዳው ደጋፊ ያነሰ ርቀት ላይ አልነበረም፤ የበለጠም አልነበረም። ሁለቱም ያዩት በቴሌቪዥን ነበር።