የጀርመን ወቅታዊ ቢራዎች፦ በቅዱሳን በዓላት መካከል የተጠመቀ ጣዕም

ነሐሴ ሲገባደድ አሜሪካ ውስጥ ደህና ምርጫ ያለው ሊከር ስቶር የገባ ሰው፣ ሰማያዊና ነጭ ዳማ የተሳለባቸው የጀርመን ቢራዎች ከወትሮው በዝተው ተደርድረው ያገኛል። አብዛኞቹ የመስከረሙን የሙኒክ በዓል፣ የኦክቶበርፌስትን፣ ስም የያዙ ናቸው። ሁለቱን ገዝቶ ጎን ለጎን ሲቀዳቸው ግን አንዱ እንደ መዳብ ቀላ ብሎ የዳቦ ቅርፊት ይሸታል፤ ሌላው ወርቃማ ነው፣ ጠረኑም ቀለል ያለ። የአንድ በዓል ቢራዎች ሆነው ጣዕማቸው ለየቅል ነው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ የጀመረ ሰው ሳያስበው አምስት መቶ ዓመት ወደኋላ ይጓዛል።

የምኖረው ከጀርመን ውጭ ስለሆነ የምቀምሰው በመርከብ ተጭኖ የመጣውን ነው። እንዲያም ሆኖ ቢራ በጥሞና ሊቀመስ፣ ሊነጻጸርና ሊወሳ የሚገባው መጠጥ መሆኑን ያሳመኑኝ እነዚህ በየወቅቱ የሚወጡ ቢራዎች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ የሚሸጠው ቢራ ስለ ፋብሪካው ይናገራል፤ ወቅታዊው ስለ አገሩ ሕግ፣ ስለ አየሩና ስለ ጾሙ ይናገራል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሁለት ቅዱሳን በዓላት ነው። በ1516 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የባቫሪያ መስፍኖች አራተኛው ቪልሄልምና አሥረኛው ሉድቪግ ኢንጎልሽታት ከተማ ላይ ባወጡት ዝነኛ ደንብ፣ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ በቀር ምንም እንዳይገባበት አዘዙ። ሆፕስ ለቢራው ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው የሐረግ አበባ ነው። ደንቡ ዛሬ የሚነሣው በዚህ ትእዛዙ ቢሆንም፣ ሰፊ ቦታ የሰጠው ለዋጋ ነው፦ ከቅዱስ ሚካኤል በዓል (ሴፕቴምበር 29) እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል (ኤፕሪል 23) አንድ ማስ፣ ማለትም አንድ ሊትር ገደማ፣ ከአንድ ፕፌኒግ በላይ አይሸጥም፤ ከጊዮርጊስ እስከ ሚካኤል ባለው የሙቀት ጊዜ ግን እስከ ሁለት ፕፌኒግ ይፈቀዳል።

በሙቀቱ ወራት ዋጋው እጥፍ ሊሆን የተፈቀደው ቢራውን ከመበላሸት ማዳን ከባድ ስለነበር ነው። ሙቀት ውስጥ የተጠመቀ ቢራ በቶሎ ይኮመጥጣል፤ በዚያ ላይ የጠመቃው እሳት ከእንጨት ለተሠሩት ከተሞች ትልቅ ስጋት ነበር። ስለዚህ በ1553 መስፍን አምስተኛው አልብሬኽት ከጊዮርጊስ እስከ ሚካኤል ጨርሶ እንዳይጠመቅ ከለከለ። ክልከላው እስከ 1850 ዘለቀ። አዲስ አበባ ላይ በ1922 የተቋቋመው የመጀመሪያው ቢራ ፋብሪካችን በዚሁ ቅዱስ ስም መጠራቱን ለሚያውቅ ሐበሻ፣ የባቫሪያ ጠማቂዎች በጊዮርጊስ ዋዜማ እሳታቸውን ማጥፋታቸው ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው።

ክልከላው ለጠማቂዎቹ አንድ መንገድ ብቻ ተወላቸው፤ የሙቀቱን ወራት ቢራ መጋቢት ላይ አስቀድሞ መጥመቅ። አምስት ስድስት ወር እንዲቆይ ብቅሉንም ሆፕሱንም ያበዙበታል። ከዚያ ምድር ተቆፍሮ በተሠራ ጓዳ ውስጥ፣ ብርዱ ሲጠነክር ከሐይቅ ተቆርጦ በተከማቸ በረዶ ተከብቦ ያርፋል። ይህ ነው ሜርትሰን የሚባለው፣ የመጋቢት ቢራ። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ አዲሱ ጠመቃ ሲጀመር በርሜሎቹ ባዶ መሆን ስላለባቸው፣ ከሁሉ ረዥም ጊዜ ያረፈው ቢራ የሚጠጣው ልክ መከር ላይ ነው። የመስከረሙ ቢራና በዓል የተገናኙት በዚህ ነው።

ጓዳዎቹ ሌላም ነገር አወረሱ። ጸሐይ እንዳያሞቃቸው ከላያቸው ጠጠር ይነሰነስና ቅጠለ ሰፊ የቼስትነት ዛፎች ይተከሉ ነበር። ሰው በጥላው ሥር ተቀምጦ መጠጣት ሲለምድ የከተማው ምግብ ቤት ባለቤቶች ገበያችን ቀዘቀዘ ብለው አቤት አሉ። ንጉሥ አንደኛው ማክሲሚሊያን ዮሴፍ በ1812 ባወጡት አዋጅ፣ ጠማቂዎቹ በጓዳቸው ደጃፍ ቢራ እንዲሸጡ፣ ከዳቦ በቀር ግን ምግብ እንዳያቀርቡ ወሰኑ። በዚህ የተነሣ ዛሬም ሙኒክ ውስጥ ባህላዊ የቢራ አጸድ የገባ ሰው ምግቡን ከቤቱ ይዞ መጥቶ ቢራውን ብቻ መግዛት ይችላል።

የመዳቡ ቀለም ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ1833 የሙኒኩ የሽፓተን ቢራ ፋብሪካ ወራሽ ገብርኤል ዘድልማየርና የቪየናው አንቶን ድሬኸር የእንግሊዝን ጠመቃ ለማየት ተጓዙ። ውስጡ ክፍት በሆነ ምርኩዝ ከየፋብሪካው ናሙና በድብቅ እየቀዱ ይመረምሩ ነበር። እንግሊዞች ብቅላቸውን የሚያደርቁበት ብልሃት ከባቫሪያው የተሻለ ስለነበር ቀለሙ ፈካ ያለ፣ ጢስ ያልነካው ብቅል ያገኛሉ። ሁለቱ ወጣቶች ትምህርቱን ይዘው ተመልሰው በ1841 በየከተማቸው አዲስ ቢራ አወጡ፤ ከጥቁር ቡናማው ፈካ ያለ፣ ቀላ ያለ፣ ጥርት ያለ። በ1872 የገብርኤል ወንድም ዮሴፍ ዘድልማየር ጠንከር አድርጎ የጠመቀውን የቪየና ዓይነት ሜርትሰን ኦክቶበርፌስት ላይ አቀረበ፤ ከዚያ ወዲህ የበዓሉ ቢራ ይኸው መዳብማው ሆነ።

በዓሉ ራሱ የተጀመረው በ1810 አልጋ ወራሽ ሉድቪግ ልዕልት ቴሬዛን ሲያገባ በተደረገ የፈረስ ግልቢያ ነው። ዛሬ በድንኳኖቹ ውስጥ እንዲቀዳ የሚፈቀደው የስድስት የሙኒክ ፋብሪካዎች ቢራ ብቻ ነው፦ አውጉስቲነር፣ ሀከር-ፕሾር፣ ሆፍብሮይ፣ ሎቨንብሮይ፣ ፓውላነርና ሽፓተን። ፓውላነር በ1970ዎቹ ለሆድ የማይከብድ ወርቃማ ቢራ አመጣ፤ በሊትር ለሚጠጣ ሕዝብ የሚስማማው ይህ ሆኖ ስለተገኘ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉ። አሁን ድንኳን ውስጥ የሚጠጣው ወርቃማው ነው፤ አልኮሉም 6 በመቶ አካባቢ ይሆናል። መዳብማው ሜርትሰን ባሕር ተሻግሮ በተለይ አሜሪካ ውስጥ ቀጠለ። ስለዚህ ከአገሩ ውጭ ያለው ጠጪ የሚያውቀው ኦክቶበርፌስት ሙኒክ ራሷ ለወርቃማው የለወጠችው ነው።

ልዩነቱን በአፍ ለማረጋገጥ የምመክረው ጥንድ የአይንገር ኦክቶበር ፌስት-ሜርትሰንና የቫይንሽቴፋነር ፌስትቢር ነው። ሁለቱም ከሙኒክ ከተማ ውጭ የሚጠመቁ ስለሆኑ ድንኳኖቹ ውስጥ አይገቡም፤ የሁለቱም አልኮል 5.8 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ምላስ የሚያገኘው ልዩነት በዋናነት የብቅሉ ነው። አይንገሩ ሲቀዳ አረፋው ነጣ ብሎ በወተት ሻይ ቀለም ይነካካል፤ ሽታው አሁን ከምድጃ የወጣ ዳቦ ነው፤ መጀመሪያ ጣፋጭ መስሎ ይገባና ሲዋጥ ደረቅ ብሎ ያልቃል። ቫይንሽቴፋነሩ ገለባ የመሰለ የእህል ጠረን አለው፣ ሆፕሱ ጎላ ይላል፣ ከጉሮሮም ቶሎ ይወርዳል። ወርቃማው ጥሩ ቢራ ነው። ለእኔ ግን የሚበልጠው መዳብማው ነው፤ ብቅሉ ያመጣው ልስላሴ የሚሰማው በእሱ ላይ ነው።

ካርል ፎን ሊንደ በ1870ዎቹ በሽፓተን ፋብሪካ ድጋፍ የማቀዝቀዣ ማሽኑን ከሠራ በኋላ በማንኛውም ወር መጥመቅ ተችሏል። ወቅቱን ጠብቆ ማውጣቱ ግን አልቀረም፤ ከሁሉ ይበልጥ ያልቀረው ደግሞ በዐቢይ ጾም ነው።

የዐቢይ ጾም ቢራ የመነኮሳት ሥራ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሙኒክ የመጡት የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘፓውላ ማኅበር መነኮሳት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ዓመቱን ሙሉ የማይቀምሱ ነበሩ፤ የእኛን ጾም የሚያውቅ ሰው ሥርዓታቸው አይከብደውም። ፈሳሽ ጾም አያስፈታም በሚለው በቆየው ልማድ፣ በጾሙ ወራት ኃይል የሚሰጣቸው ብቅሉ የበዛ ወፍራም ቢራ ይጠምቁ ነበር። ቢራውን ፈሳሽ እንጀራ ይሉት ነበር። በ1780 መስፍን ካርል ቴዎዶር ለሕዝብ እንዲሸጡ ፈቀደላቸው። ሳልቫቶር፣ ‘አዳኝ’፣ የተባለው ይህ ቢራ እጅግ ስለተወደደ ሌሎችም በዚያው ስም መጥመቅ ጀመሩ። የመነኮሳቱን ጠመቃ የወረሰው ፓውላነር ስሙን በ1896 በሕግ ሲያስመዘግብ፣ የቀሩት የስሙን ጭራ ብቻ ይዘው ወጡ፦ ሴሌብራቶር፣ ኦፕቲማቶር፣ ማክሲማቶር፣ ትሪዩምፋቶር። መደርደሪያ ላይ በ‘-አቶር’ የሚያልቅ የጀርመን ቢራ ያየ ሰው ዶፐልቦክ የሚባለውን የጾም ቢራ ዘር እንዳገኘ ሊያውቅ ይችላል።

ሳልቫቶር 7.9 በመቶ አልኮል አለው፤ ቀይ ቡናማ ነው፣ የተቃጠለ ስኳርና ዘቢብ ይመስላል፣ ጣፋጭነቱ አፍ ውስጥ ይቆያል። ሙኒክ አጠገብ አይንግ በተባለች መንደር የሚጠመቀው ሴሌብራቶር፣ አንገቱ ላይ ትንሽ ነጭ ፍየል የሚንጠለጠልበት፣ 6.7 በመቶ ነው፤ ጥቁር ሊባል ጥቂት የቀረው፣ የቡናና የደረቀ ፕለም ጠረን ያለው፣ አጨራረሱም ከሳልቫቶር የደረቀ። ሁለቱን ከፍሪጅ አውጥቶ ወዲያው መጠጣት ግፍ ነው። ግማሽ ሰዓት ቆይተው 10 ወይም 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርሱ፣ በብርድ ተጨቁኖ የነበረው ጠረን በሙሉ ይወጣል። መጀመሪያ ሳልቫቶር የጎላ መስሎ ይታያል፤ ብርጭቆው ሲጋመስ ግን ምላስ የሚመለሰው ወደ ሴሌብራቶር ነው። ጣፋጭነቱን የሚገታ ነገር ያለው እሱ ነው።

ከሙኒክ ወደ ሰሜን፣ ፍራንኮኒያ ውስጥ፣ ባምበርግ የምትባል ከተማ አለች። የእንግሊዙ ብልሃት ከመምጣቱ በፊት ብቅል በእንጨት እሳት ላይ ሲደርቅ ጢሱን ይጠጣ ነበር፤ በየአገሩ ያ ጣዕም ሲጠፋ ባምበርግ ያዘችው። ሽሌንከርላ የተባለው ጥንታዊ ቤት እስካሁን ብቅሉን የሚያደርቀው በቢች ዛፍ እንጨት ነው። ጠላ የሚያውቅ ሐበሻ ይህን ቢራ ከሌላው ጠጪ ቀድሞ ይረዳዋል፤ ጋኑ በወይራ ሲታጠን ጢሱ ጠላው ውስጥ እንደሚቀር ሁሉ፣ እዚህም ጢሱ ከመጀመሪያው ጉንጭ እስከ መጨረሻው አለ፤ የሚለየው በዕቃው ሳይሆን በእህሉ በኩል መግባቱ ነው። ሽሌንከርላ ጢሱን ሳይለቅ በየወቅቱ ቢራውን ይለዋውጣል፤ በዐቢይ ጾም ያልተጣራ ፋስተንቢር፣ ከኦክቶበር ጀምሮ 6.5 በመቶ የሆነ ኡርቦክ፣ ለገና ደግሞ ብቅሉ በኦክ እንጨት የደረቀ 8 በመቶ ዶፐልቦክ። የገናው ከሁሉ ለስላሳ ጢስ ያለው ነው፤ የኦክ ጢስ ከቢች ይልቅ ለዘብ ይላል። የጢስ ቢራ መልመድ የሚፈልግ ሰው በእሱ ቢጀምር መልካም ነው።

የቀረውን በአጭሩ ላንሣ። ሜይ ሲገባ ማይቦክ ይወጣል፤ ወርቃማ ሆኖ ጠንካራ፣ ሆፕሱም ከዶፐልቦክ የበለጠ የሚሰማ ነው። ዘሩ ከሰሜን ጀርመኗ ከተማ ከአይንቤክ ነው፤ የዚያው ከተማ ፋብሪካ አሁንም 6.5 በመቶ የሆነ ማይ-ኡር-ቦክ ያወጣል። በሙቀቱ ወራት የሚመረጠው የስንዴ ቢራ ዓመቱን ሙሉ ስለሚገኝ ወቅታዊ ለማለት ያስቸግራል፤ ሙዝና ቅርንፉድ የመሰለው ጠረኑ ከእርሾው እንጂ ከተጨመረ ነገር የመጣ አለመሆኑን ማወቅ ግን ይበቃል።

ባሕር ማዶ ያለ ሰው ከሁሉ በፊት መጠንቀቅ ያለበት ለቀኑ ነው። ቢራው ወደብ እስኪደርስ ሳምንታት ይወስዳል፤ ከዚያ ሙቀት ያለበት መጋዘን ሊቆይ ይችላል። ጊዜ ያለፈበት ሜርትሰን የዳቦ ጠረኑን ያጣና የረጠበ ካርቶን ይሆናል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀን ያንብቡ፤ በጥር ወር በቅናሽ የሚሸጥን የኦክቶበርፌስት ቢራ ይተዉት። ብርሃንም ጠላቱ ነው፦ የሆፕሱን መራራ ንጥረ ነገር ይሰብርና ድኝ ያለበት መጥፎ ሽታ ያመጣል። ቡናማ ጠርሙስ ይከላከልለታል፣ አረንጓዴው ግን ብዙም አያድነውም፤ በመስኮት ሥር ከተደረደረው ይልቅ ካርቶን ውስጥ ካለው ቢያወጡልዎ ይሻላል።

ሲያነጻጽሩ ከቀላሉ ወደ ጠንካራው፣ የጢሱን ቢራ ደግሞ ከሁሉ መጨረሻ ያድርጉ፤ ከጢስ በኋላ ሌላ ነገር አይቀመስም። በመካከል ውሃና ምንም ያልተቀባ ዳቦ ይበቃል። ከጓደኛ ጋር አንዱን ጠርሙስ ለሁለት መካፈል ከሁሉ የተሻለ ነው፤ 8 በመቶ የሆነ ቢራ ብቻን ሆኖ በተከታታይ የሚከፈት አይደለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጥንድ ብቻ ምረጥ ከተባልኩ ሴሌብራቶርንና ሳልቫቶርን እመርጣለሁ። ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ ይገኛሉ፣ የባሕሩን ጉዞ ከሜርትሰን ይልቅ ይችላሉ፣ ጥቂት ወራት ቢቆዩም አይበላሹም። ሜርትሰንን ግን ሴፕቴምበር ላይ፣ ትኩሱን ይግዙ።