ጥቁር አፈርና የመላጊያ መኪና

በሱዳን ካለችው ከገዳሪፍ ከተማ በስተምሥራቅ ባለው በቁረይሻ ምድር፣ አፈሩ እንደ መተማና እንደ ሁመራ ቆላ ጥቁር፣ በክረምት እግር ይዞ አልለቅ የሚል፣ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ክንድ የሚያስገባ ነው። ለሰሊጡና ለማሽላው ሥራ በየዓመቱ ድንበር ተሻግሮ ከሚሄደው ወገናችን መካከል በልዩ ልዩ ምክንያት በዚያው አገር ቀርቶ ጎጆ የቀለሰው ጥቂት አይደለምና፣ በርና መስኮት የሚገጥም፣ አልጋና ወንበር የሚያበጅ አናጢ በዚያ እንጀራ አያጣም፤ ሆኖም ሙቀቱና የቆላው እንጨት ጽናት ተባብረው በእጅ መላጊያ ብቻ የሚሠራውን ሰው ጉልበቱን ያለ ዕድሜው ስለሚጨርሱት፣ በግቢው ጥግ ዳስ ጥሎ አንዲት ትንሽ የመላጊያ መኪና ለማቆም የሚመኝ ሰው ምኞቱ ከቅንጦት አይቆጠርበትም። ስለዚህች መኪና ጠባይ፣ ስለ ሕማሟና ስለ ፈውሷ መጻፍ የፈለግሁት፣ መኪናዋ ባስቸገረች ጊዜ ብዙ ሰው ወዲያው ብሎን ወደ መፍታት ሲቸኩል ስላየሁና፣ አብዛኛው ሕማሟ ከብረቷ ሳይሆን ከአቧራው፣ ከስለቱና ከእንጨቱ አገባብ የሚመነጭ መሆኑን ስለተረዳሁ ነው።

መኪናዋ በጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ ሁለት ሰዎች በቀላሉ የሚያነሷት፣ ወርዱ እስከ 33 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ጣውላ የምትቀበል ናት። በውስጧ ሁለት ወይም ሦስት ምላጭ የታሰሩበት ድቡልቡል ብረት በደቂቃ ከ8,000 እስከ 10,000 ጊዜ ይሽከረከራል፤ ከፊቱና ከኋላው ያሉት ጎማ የለበሱ ሁለት ሩሎዎች ደግሞ ጣውላውን ይዘው በደቂቃ 8 ሜትር ያህል ይስቡታል። አንባቢ ሒሳቡን ቢያሰላው፣ ሁለት ምላጮች 10,000 ጊዜ ሲዞሩ 20,000 ጊዜ ይቆርጣሉና፣ በአንዱ ቁርጥና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ይሆናል፤ እጅ ሲዳስሰው ልስልስ የሚመስለው ጣውላ በእውነቱ የጥቃቅን ማዕበሎች ገጽ ነው ማለት ነው። ከሁለቱ ምላጮች አንዱ ከሌላው ጥቂት ዝቅ ብሎ ቢታሰር ግን ሥራውን ሁሉ አንደኛው ብቻ ስለሚሠራው የማዕበሉ ርዝመት እጥፍ ይሆናል፣ ጥፍርም ሲጎትቱበት እንደ መሰንቆ ክር ይርገበገባል።

ይህ ጥበብ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1791፣ ጆሴፍ ብራማም በ1802 እንጨት የሚልግ መኪና በፈጠራ መብት አስመዝግበዋል፤ በአሜሪካ ዊልያም ውድዎርዝ በ1828 ያስመዘገበው ደግሞ የፋብሪካውን ሥራ ለወጠው። በአንድ ሰው ጓሮ የሚገባው ትንሹ ዓይነት ግን በ1980ዎቹ ገደማ የተስፋፋ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ ይህች መኪና ጠማማውን የምታቀና አለመሆኗ ነው። የተጣመመ ጣውላ ሲገባባት ሩሎዎቹ ከታች ባለው ገበታ ላይ ጨፍልቀው ያስተኙታል፣ ምላጩም የላዩን ፊት ይልጋል፤ ሲወጣ ግን ጭነቱ ሲለቀው እንደ ቀድሞው ተጣሞ ይነሣል፣ ውፍረቱ ብቻ አንድ ዓይነት ሆኖ። መኪናዋ የምትከተለው ከሥር ያለውን ፊት ነውና፣ ያ ፊት ርቱዕ ካልሆነ የላዩ ርቱዕ ሊሆን አይችልም። አትሮኖስን ከአንድ ወጥ እንጨት ሳይከፍሉና ሳያጣብቁ፣ ታጥፎ እንዲዘረጋ አድርገው የሚቀርጹት የአገራችን ጠቢባን መጀመሪያ አንዱን ፊት በዓይናቸውና በመጥረቢያቸው ያቀኑ ነበር፤ ዛሬም ሥርዓቱ ይኸው ነው። አንዱን ፊት በእጅ መላጊያ ማቅናት፣ ይህ የማይመች ቢሆን ጣውላውን በቀና ሰሌዳ ላይ አስቀምጦ ክፍተቱን በቀጫጭን ሽብልቅ ሞልቶ፣ ሰሌዳውንና ጣውላውን አንድ ላይ ማስገባት፣ ከዚያ በኋላ ገልብጦ ሌላውን ፊት መላግ ነው።

አሁን ወደ አቧራው ልምጣ፤ በዚያ አገር የነገሩ ሁሉ ሥር እርሱ ነውና። ሱዳኖች ሱንጥ የሚሉት የግራር ወገን ጽኑ ከመሆኑ የተነሣ ለባቡር ሐዲድ መጋደሚያ ሲያገለግል ኖሯል። እንዲህ ያለው ጽኑ እንጨት፣ ከፈረሰ ቤት የተገኘ አሮጌ ወራጅ፣ ከዕቃ ማሸጊያ ሣጥን የተነቀለ ሳንቃ፣ ሁሉም በቃጫው ውስጥ የደረቀ ጭቃና የአሸዋ ቅንጣት ይዞ ይመጣል፤ የአሸዋ ቅንጣት ደግሞ ምላጭን ከእንጨቱ ከራሱ ይልቅ ያደነዝዘዋል። ስለዚህ ጣውላው ከመግባቱ በፊት በሽቦ ብሩሽ እስኪነጻ ይፈተግ፣ ማግኔት ይዞ እያንዳንዱን ክንድ እየዳሰሱ የተሰበረ ምስማር ይፈለግ። አንዲት ራስዋ የተቀነጠሰ ምስማር ብትቀር ምላጩን ትሸርፈዋለች፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሚላገው ጣውላ ሁሉ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለች ጉብታ መስመር ትወጣለች። ያቺን መስመር ያየ ሰው ምላጩን ወዲያው ይለውጥ ዘንድ ግዴታ የለበትም፤ የምላጩ አሠራር ከፈቀደለት፣ ገመዱን ከኮረንቲ ነቅሎ ከምላጮቹ አንዱን በጣም ጥቂት ወደ ጎን ቢያንቀሳቅሰው፣ የአንዱን ሽራፊ የሌላው ደህና ስለት ይሸፍነዋል፣ መስመሩም ይጠፋል።

መኪናዋ እየጮኸች ጣውላው ግን አልሄድ ቢል፣ ብዙ ሰው ሞተሩ ደከመ ብሎ ያዝናል። ነገሩ ብዙውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። የእንጨቱ ሙጫና ደቃቁ ሰጋቱራ በሩሎው ጎማ ላይ ተጋግሮ እንደ ብርጭቆ ስለሚያሙለጨልጨው ጣውላውን የሚይዝበት ኃይል ያጣል፤ መኪናዋን ነቅለው ጎማውን አልኮል በነካ ጨርቅ ሲጠርጉት፣ ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ጎማውም እንደገና የሚጨብጥ ይሆናል። የታችኛው ገበታ ደግሞ በተቃራኒው መሙለጭለጭ ይገባዋልና፣ ንጹሕ ሰም በስሱ ተቀብቶ በደረቅ ጨርቅ ይወልወል፤ ጧፍ የሚሠራበት የንብ ሰምም ለዚህ ያገለግላል። ሲሊኮን ያለበት ቅባት ግን ወደ እንጨቱ እየተላለፈ በኋላ ቀለሙንና ቫርኒሹን አልቀበል ስለሚያሰኘው ከመኪናዋ ይራቅ። ምላጩ የታሰረበትን የመኪናዋን ራስ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ባለ ጥርስ ምሰሶዎችና ካቴናውም እንዲሁ ናቸው፦ ግራሶ ማብዛት በሌላ አገር መልካም ሊሆን ይችላል፣ በጥቁር አፈር አገር ግን ግራሶ አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ይሆናልና፣ በደረቅ ብሩሽ ጠርጎ እጅግ በስሱ መቀባት ይበቃል።

አናጢዎችን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳዝናቸው ግን የጣውላው ጫፍ መበላት ነው። መካከሉ እንደ መስተዋት የወጣ ጣውላ፣ ከሁለቱም ጫፍ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥቂት ጎድጎድ ብሎ ይገኛል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ጣውላው ሲገባ የያዘው የፊተኛው ሩሎ ብቻ ስለሆነ፣ ገና ከውጭ ያለው ጅራቱ በክብደቱ ወደ ታች ሲያዘነብል አፍንጫው ወደ ምላጩ ቀና ይላል፤ ሁለተኛው ሩሎ ሲይዘው ይስተካከላል፤ ሲወጣም ይኸው በተቃራኒው ይደገማል። ስለዚህ ከፊትና ከኋላ የተዘረጉት መቀበያ ገበታዎች የውጭ ጫፋቸው ከዋናው ገበታ በጣም ጥቂት ከፍ እንዲል በቀጥ ማስመሪያ እየለኩ ማስተካከል፣ ረጅሙን ጣውላ ሲያስገቡ ጅራቱን፣ ሲቀበሉ ደግሞ አፍንጫውን በእጅ ደግፎ ቀና ማድረግ፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላውን በእግሩ ማስከተል፣ ሁሉም ይረዳል። እኔ ግን ጣውላውን ሲቆርጡ ከሚፈለገው 15 ሳንቲ ሜትር አስረዝሞ መቁረጥና የተበላውን ጫፍ በመጨረሻ በመጋዝ ማስወገድን አመርጣለሁ፤ ዋንዛና ዝግባ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚህ ዘመን ይህ ብክነት ቢመስልም፣ ሙሉ ጣውላ ከማበላሸት ይሻላል።

ገጹ ተቦጫጭቆ ቢወጣ፣ እንጨቱ በቃጫው ላይ በተቃራኒ ገብቷልና ዞሮ ይግባ፤ አቆራረጡም ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይቀነስ። አንዱ ጎን ከሌላው ወፍሮ ቢወጣ፣ ሁለት ቀጫጭን በትሮችን በገበታው ግራና ቀኝ አስገብቶ ውፍረታቸውን መለካት የመኪናዋን ራስ መዛነፍ ወዲያው ያሳያል።

ስለ ኮረንቲ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። በኢትዮጵያ 220፣ በሱዳን 230 ቮልት ሲሆን፣ ከአሜሪካ ዘመድ የላከው መኪና 120 ቮልት የሚጠጣ ነውና ለኃይሉ የሚበቃ ትራንስፎርመር ይሻል፤ ያለዚያ ያንኑ ቀን ይቃጠላል። ለመኪናዋ ቀጭንና ረጅም ገመድ መዘርጋትም ጠላት ነው፤ ቮልቴጁ በመንገድ እየደከመ ሲደርስ ሞተሩ ይግላል፣ ጉልበቱም ይከዳዋል። ሞተሩ ቀይና ሰማያዊ ብልጭታ እያበዛ ቢንተፋተፍ፣ የካርቦን ብሩሾቹ አልቀዋልና ሁለቱም በአንድነት ይለወጡ፤ የተቃጠለ ጎማ የሚሸት ቢሆን ግን ቺንግያው ይታይ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን መጠንቀቅ የሚገባው ለጆሮና ለሳንባ ነው፦ የመኪናዋ ጩኸት ወደ 100 ዴሲቤል ይጠጋል፣ የእንጨት ብናኝንም የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ካንሰር ከሚያመጡት ወገን መድቦታልና፣ በነጠላ አፍን መሸፈን በቂ አይደለም፤ ደህና ጭምብልና የጆሮ መድፈኛ ይደረግ። ከ30 ሳንቲ ሜትር ያጠረ ጣውላም በሁለቱ ሩሎዎች መካከል ሊወድቅ ስለሚችል ፈጽሞ አይግባ።

ዝናቡ ሊመጣ ሲል፣ ሰማዩ በገዳሪፍ ላይ ሲጠቁርና የመጀመሪያው ነፋስ አቧራውን ሲያስነሣ፣ የተላገው ጣውላ በመሬት ላይ አይተኛ። በየመካከሉ ቀጫጭን በትር ተደርጎበት ሁለቱም ፊቱ እኩል ነፋስ እንዲያገኝ በጥላ ይደርደር፣ የመኪናዋ ገበታም ሰም ተቀብቶ በደረቅ ሸራ ይሸፈን።