ለስላሳ ኮርቻ ለምን ያደክማል?
የረጅም የሞተር ብስክሌት ጉዞ በፊዚክስ ዓይን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ዳር ለመግባት ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። ይህን መንገድ በሰዓት በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ በሞተር ብስክሌት የሚያቋርጥ ሰው ከሰባት ሰዓት ተኩል የማያንስ ጊዜ በኮርቻ ላይ ያሳልፋል ማለት ነው። የመጀመሪያው ሰዓት እንደ ሽርሽር ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ግን መቀመጫ ይደነዝዛል፣ ወገብ ይይዛል፣ እጅ ይዝላል። በየገጠሩ በሞተር ብስክሌት የሚዘዋወሩ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ይህን በሚገባ ያውቁታል። ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ሕመሙን እያስታመመ ሐሳቡ የተከፋፈለ አሽከርካሪ ድንገት መንገድ ለሚያቋርጥ ከብት ወይም እግረኛ ፈጥኖ ምላሽ መስጠት ያዳግተዋል። ለመሆኑ ድካሙ ከየት ይመጣል? መፍትሔውስ ብዙዎች እንደሚያስቡት ኮርቻውን ማለስለስ ነውን?

ግፊትና የመቀመጫ አጥንቶች

መጠነ ቁሱ 70 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ክብደቱ 686 ኒውተን ነው። ከፊሉን እግሮቹና እጆቹ ስለሚሸከሙለት በኮርቻው ላይ የሚያርፈው 500 ኒውተን ነው እንበል። ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ስለሆነ፣ ይህ ኃይል በ0.1 ካሬ ሜትር ላይ እኩል ቢሰራጭ ግፊቱ 5,000 ፓስካል ይሆናል።

ነገር ግን እኩል አይሰራጭም። ከዳሌያችን ግርጌ ሁለት ጎበጥ ያሉ አጥንቶች አሉ፤ ስንቀመጥ ሸክሙ በአመዛኙ የሚያርፈው በእነርሱ ላይ ነው። ከ500 ኒውተን ግማሹ በ0.02 ካሬ ሜትር ላይ ብቻ ቢያርፍ በዚያ ስፍራ ግፊቱ ወደ 12,500 ፓስካል ያሻቅባል። በአንጻሩ ካፒላሪ በሚባሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች መነሻ ላይ ያለው የደም ግፊት 4,000 ፓስካል ገደማ ነው። የውጭው ግፊት ከዚህ በልጦ ሲቆይ የደም ዝውውር ይዳከማል፤ መደንዘዝና ማቃጠልም ይከተላል።

አሁን ወደ ለስላሳው ስፖንጅ እንመለስ። በጣም ለስላሳ ስፖንጅ አጥንቶቹ ባረፉበት ቦታ እስከ መጨረሻው ይጨመቅና መለጠጡን ያቆማል። ከዚያ በኋላ ተቀማጩ በስፖንጅ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ባለው ጠንካራ አካል ላይ ተቀምጧል ማለት ይቻላል። በሱቅ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ሲሞከር የሚያስደስት ኮርቻ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚያሠቃየው በዚህ ምክንያት ነው። ጠንከር ያለና ሰፊ ስፖንጅ ግን ሳያልቅ ስለሚሸከም ሸክሙን ለጭኖችም ያካፍላል። በአገራችን የጠፍር ወንበር የሚሠራውም በተመሳሳይ መርህ ነው፦ የተወጠረው ጠፍር በልኩ ረግቦ የሰውነትን ቅርጽ ይይዛል፤ ነገር ግን ከሥሩ የሚነካው ጠንካራ ነገር የለም።

ንዝረት

ሁለተኛው የድካም ምንጭ ንዝረት ነው። የተቀመጠ ሰው አካል ወደ ላይና ወደ ታች ለሚመላለስ ንዝረት ይበልጥ ስሜታዊ የሚሆነው ከ4 እስከ 8 ኸርዝ ባለው ክልል ነው። በየሦስት ሜትሩ ጉብታ ባለበት መንገድ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 16.7 ሜትር ብንጓዝ በሰከንድ 5.6 ጊዜ እንናጣለን። ይህ በትክክል ከተጠቀሰው ክልል ውስጥ ይገባል። ፍጥነቱን በግማሽ ብንቀንስ ንዝረቱ 2.8 ኸርዝ ሆኖ ከክልሉ ይወጣል። ፍጥነት መጨመርም ከክልሉ ሊያስወጣ ይችላል፤ አደጋው ግን ከጥቅሙ ይብሳል።

ስፖንጁስ አይከላከልም? በሞላ ላይ የተቀመጠ ማንኛውም አካል የራሱ የተፈጥሮ ድግግሞሽ አለው። ሞላው ንዝረትን የሚቀንሰው የንዝረቱ ድግግሞሽ ከዚህ የተፈጥሮ ድግግሞሽ 1.4 ጊዜ ያህል ሲበልጥ ብቻ ነው። በደቂቃ 4,500 ጊዜ የሚዞር ሞተር 75 ኸርዝ ንዝረት ስለሚፈጥር ስፖንጁ ይህን በሚገባ ያበርደዋል። የስፖንጅ መቀመጫ ከነተቀማጩ ያለው የተፈጥሮ ድግግሞሽ ግን 4 ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ፣ በዚያ ድግግሞሽ የሚመጣውን የመንገድ ንዝረት ጭራሽ ያጎላዋል። ሬዞናንስ የምንለው ይህንኑ ነው። በጉብታ ላይ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ በእግር መርገጫው ላይ መቆም የሚረዳው ሸክሙን ከአከርካሪ ወደ እግር ጡንቻዎች ስለሚያዛውር ነው፤ ፈረሰኛም በእርካቡ የሚቆመው ለዚሁ ነው።

በአባይ በረሃ የሚረግብ ትራስ

አንዳንዶች በአየር የተሞላ ትራስ በኮርቻው ላይ ያነጥፋሉ። አየሩ ግፊትን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚያስተላልፍ ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በእኛ አገር መልክዓ ምድር ላይ አንድ ጉዳይ ይነሣል። ከጎሐ ጽዮን ከፍታ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ካለው ስፍራ፣ ወደ አባይ ድልድይ ስንወርድ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። የከባቢ አየር ግፊት ደግሞ ከ76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ወደ 89 ያድጋል። በቦይል ሕግ መሠረት ላይ ሳለን የሞላነው ትራስ ታች ስንደርስ ይዘቱ 15 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ የበረሃው ሙቀት ከፊሉን ቢያካክሰውም ትራሱ መርገቡ አይቀርም። ላይ ተከድኖ ታች ሲደርስ የሚጨማደደው የውኃ ፕላስቲክ ምስክር ነው። ስለዚህ ትራሱን ከድልድዩ ዘንድ እንደገና መሙላት፣ ወደ ደጀን ሲወጡ ደግሞ ጥቂት ማስተንፈስ ይገባል።

ምን እናድርግ?

ከላይ ያየናቸው መርሆች ብዙ ገንዘብ የማያስወጣ ምክር ይሰጡናል። ኮርቻ ሲመረጥ ከልስላሴው ይልቅ ስፋቱንና ሸክም መቻሉን እንመልከት። ቢያንስ በየሰዓቱ ወርደን ጥቂት እንራመድ፤ በመካከሉም አቀማመጣችንን እንለዋውጥ፤ የደም ሥሮች የሚፈልጉት ከግፊቱ ፋታ ማግኘትን ነውና። መሪውን አጥብቀን አንጨብጥ፤ የሞተሩ ንዝረት ወደ እጅ የሚዘልቀው በዚያ በኩል ነው። መንገዱ ሲከፋ ፍጥነት እንቀንስ። ድንዛዜ ሲሰማንም ሰውነታችን ስለ ግፊትና ስለ ጊዜ የሚነግረን መረጃ መሆኑን ተገንዝበን እንቁም እንጂ በጽናት ለማሸነፍ አንሞክር።