የቅጂ ስፖርት መኪና፦ የመጀመሪያ ሠሪው ማን ነው?

ከነጌሌ ቦረና ተነሥቶ ወደ ዶሎ ኦዶ የሚያመራ አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ፊልቱ ከተማ ላይ ቆሟል እንበል። ጋቢናው ግንባር ላይ የሚነበበው ስም የጃፓን ኩባንያ ነው። ከጋቢናው በስተኋላ ያለው የጭነት ሣጥን ግን እዚሁ አገራችን ውስጥ በአንድ የብየዳ ቤት ከላሜራና ከብረት ተሠርቶ ሻንሲው ላይ የተገጠመ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ እንዲያ ናቸው። «ይህን መኪና ማን ሠራው?» ብለን ብንጠይቅ መልሱ ሁለት ይሆናል ማለት ነው። የሻንሲ ቁጥሩ የሚነግረን አንዱን ብቻ ነው። የሁለተኛውን ሠሪ ማንነት ለማወቅ የምንመረምረው የእጁን ሥራ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይኸው ጥያቄ እጅግ ተወሳስቦ የሚገኝበትን የቅጂ ስፖርት መኪናዎችን ዓለም ነው። ቅጂ ስንል በታወቀ አሮጌ ስፖርት መኪና አምሳል፣ በሌላ ሠሪ፣ ከጊዜ በኋላ የተሠራን መኪና ማለታችን ነው። ጉዳዩ የጨዋታ እንዳይመስለን። የእንግሊዙ ኤሲ ኩባንያ ሻንሲና አካሉን እየሠራ፣ አሜሪካዊው ካሮል ሼልቢ የፎርድ ሞተር እየገጠመ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ያወጡት ኮብራ የተባለው መኪና በጠቅላላው ወደ 1,000 ቢጠጋ ነው። የቅጂዎቹ ብዛት ግን ከዋናዎቹ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የመጀመሪያው ኮብራ እ.ኤ.አ. በ2016 በጨረታ 13.75 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ይህን ያህል ገንዘብ ባለበት ቅጂውን ዋና አስመስሎ ለመሸጥ የሚሞክር አይጠፋም። ቅጂነቱ ለማንም ግልጽ የሆነ መኪና ያለው ሰውም ቢሆን መስተዋቱ ሲሰበር ወይም ሻንሲው ሲሰነጠቅ ልኩን የሚያውቀውን ሠሪ መፈለጉ አይቀርም።

ቁጥሩን ብቻ ማንበብ ለምን እንደማይበቃ ለመረዳት በአዲስ አበባ መንገዶች ዛሬም አልፎ አልፎ ከሚታየው ቮልስ እንነሣ። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1948 የመጀመሪያ መኪናውን ሲሠራ ብዙ ክፍሎችን የወሰደው ከቮልስ ነበር፤ በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተርም ከዚያው የመጣ ነው። ስለዚህ ከ1954 እስከ 1958 የተመረተውን ፖርሽ 356 ስፒድስተር ለመቅዳት የፈለጉ ሠሪዎች ከቮልስ ወለል የተሻለ መነሻ አላገኙም። እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ስለተመረተ ወለሉ ርካሽ ነበር። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት፦ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት በቮልስ 2,400 ሚሊሜትር፣ በስፒድስተር 2,100 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ወለሉ 30 ሴንቲሜትር ያህል ተቆርጦ እንደገና ይበየዳል፤ በላዩም የፋይበርግላስ አካል ይገጠማል።

አሁን የኋላውን ወንበር አንሥተን በወለሉ መካከለኛ ቦይ ላይ የተመታውን ቁጥር እናንብብ። ከ1965 ሞዴል በኋላ ባሉት የቮልስ ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓይነቱን፣ ሦስተኛው ዓመቱን ያመለክታሉ። በ117 የሚጀምር የዚያ ዘመን ቁጥር የ1967 ሞዴል ቮልስ ነው። ቁጥሩ አልዋሸም፤ ወለሉ በእርግጥ የቮልስ ነው። ነገር ግን ወለሉን የቆረጠውንና አካሉን ያወጣውን ሰው አያውቀውም። ብየዳውስ? ወለሉ የት ላይ እንደተቆረጠ፣ መገናኛው ቀጥ ያለ ይሁን የተደራረበ፣ በምን ዓይነት ማጠናከሪያ እንደተደገፈ ከአንዱ ሠሪ ወደ ሌላው ይለያያል። አንዳንዶችም የቮልስን ወለል ጨርሰው ትተዋል። ፍራንክ ራይስነር እ.ኤ.አ. በ1959 ቱሪን ውስጥ የመሠረተውና በኋላ ወደ ሰሜን አሜሪካ የተዛወረው ኢንተርሜካኒካ ከጊዜ በኋላ የራሱን የቱቦ ሻንሲ መሥራት ጀምሯል። ከስፒድስተሩ ሥር የቱቦ ሻንሲ ያገኘ መርማሪ ብዙ ሠሪዎችን ከዝርዝሩ ይሰርዛል።

ዘመናዊው ባለ 17 ምልክት መለያ ቁጥር የተሻለ ይረዳል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምልክቶች አምራቹን ይጠቁማሉ። በዓመት ጥቂት ተሽከርካሪ ብቻ የሚያወጣ ሠሪ ከሆነ ሦስተኛው ምልክት 9 ይሆንና ማንነቱ ከ12ኛ እስከ 14ኛ ባሉት ምልክቶች ይሟላል። የቅጂ መኪና መርማሪ ይህችን 9 ሲያይ ደስ ይለዋል።

ቁጥሩ በሞረድ ተፍቆ ቢገኝስ? እዚህ ላይ ኬሚስትሪ ይደርስልናል። ቁጥር በብረት ላይ ሲመታ የሚጎደጉደው ላይኛው ገጽ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያሉት የብረት ክሪስታሎችም ተጨምቀው ቅርጻቸው ይዛባል። ጉድጓዱ ተፍቆ ቢጠፋም የተዛባው ክፍል ከሥር ይቀራል። የተዛባ ብረት ካልተነካው ይልቅ በኬሚካል ቶሎ ይጠቃል። ስለዚህ ገጹ በላመ የብርጭቆ ወረቀት ተወልውሎ የመዳብ ክሎራይድና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውሁድ ሲቀባ የጠፋው አኃዝ እንደ ጥላ ብቅ ይላል። ፋቂው በጥልቀት ከሄደ ግን ጥላውም አብሮ ጠፍቷል። (ይህ በላቦራቶሪ፣ በባለሙያ እጅ የሚሠራ ነው፤ አንባብያን በቤታቸው እንዳይሞክሩት እናሳስባለን።)

ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን የፋይበርግላሱ ምርመራ ነው። አካሉ የሚወጣው ከሞልድ ነው። ሞልዱ ላይ ጭረት ወይም ትንሽ እብጠት ካለ ከእርሱ በወጣው አካል ሁሉ ላይ ይታተማል። ይህ ነገር የብራና መጻሕፍትን ለሚያጠኑ ሊቃውንት አዲስ አይደለም። አንድ ጸሐፊ ሲገለብጥ አንድ መስመር ቢዘል ከእርሱ ቅጂ የገለበጡት ሁሉ ያንኑ መስመር ይዘላሉ። አጥኚው ቅጂዎቹን በዘር የሚመድበው በትክክሉ ንባብ አይደለም፤ ትክክሉ በሁሉም ዘንድ አለና። የሚመድባቸው በጋራ ስሕተታቸው ነው። የሥነ ሕይወት ተማሪዎችም የፍጥረታትን ዝምድና በጋራ ሚውቴሽን እንደሚያወጡ ያስታውሳሉ። በሁለት መኪናዎች ኮፈን ላይ አንድ ዓይነት እብጠት በአንድ ዓይነት ቦታ ከተገኘ ሁለቱም ከአንድ ሞልድ ወይም ከአንድ የሞልድ ዘር ወጥተዋል።

«የሞልድ ዘር» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንድ ሠሪ የራሱን ሞልድ ከመሥራት ይልቅ የሌላውን አካል ገዝቶ በላዩ ሞልድ ያወጣበታል። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ሠሪ ጉድለቶች ሁሉ ይወረሳሉ፤ በላያቸውም አዳዲስ ይጨመራሉ። በተጨማሪም ፖሊስተር ሙጫ ሲጠነክር ስለሚኮማተር የቅጂው ቅጂ በትንሹ ሊያንስ ወይም ሊጣመም ይችላል። መርማሪው አዲሶቹን ጉድለቶች ከወረሱት ለይቶ ማን ከማን እንደቀዳ ይናገራል። የፀሐይ ሙቀትም ይተባበረዋል፦ እንደ ፊልቱ ባለ ቆላ ለረጅም ጊዜ ደጅ የቆመ ፋይበርግላስ ሙጫው ይበልጥ እየጠነከረ ሲሄድ ከቀለሙ ሥር ያለው የመስታወት ጨርቅ ሽመና በገጹ ላይ ሊታይ ይችላል። ሠሪው የተሸመነ ጨርቅ ይጠቀም ወይስ የተበታተነ ክር፣ ያኔ ይለያል።

በኮብራ ቅጂዎች ላይ ደግሞ መለኪያ ብቻ ይዞ መጀመር ይቻላል። የቀደሙት ኮብራዎች ዋና ቱቦዎች 3 ኢንች፣ ማለትም 76.2 ሚሊሜትር፣ የኋለኞቹ 4 ኢንች፣ ማለትም 101.6 ሚሊሜትር ውፍረት ነበራቸው። ብዙ ቅጂዎች ደግሞ አራት ማዕዘን ቱቦላሬ ተጠቅመዋል። ልኩ በሚሊሜትር ሙሉ ቁጥር ከመጣ ሜትሪክ በሚሸጥበት አገር ለመሠራቱ ፍንጭ ነው። የእንግሊዝ ሠሪዎች የጃጓርን፣ የአሜሪካዎቹ የፎርድ መስታንግን ክፍሎች ማዘውተራቸውም መንገድ ያሳያል። በክፍሎቹ ላይ የታተመ የምርት ቀንም ይረዳል፤ መርማሪው ግን ኋላ የተተካን ዕቃ ከመጀመሪያው መለየት አለበት።

በአገራችንም ለዚህ ቅርብ የሆነ ታሪክ አለ። ሆላንድ ካር ሞጆ ላይ የገጣጠመው «አባይ» ስሙ የእኛ፣ መሠረቱ ግን የቻይናው ሊፋን 520 ነበር። «ሠሪው ማን ነው?» ቢባል የነደፈውን፣ የገጣጠመውንና ስም የሰጠውን ለየብቻ መጥራት ይገባል። ለቅጂ ስፖርት መኪናም እንዲሁ ነው። አካሉን አንድ ኩባንያ በጥቅል ሸጦ ገዢው በጋራዡ ገጥሞት ከሆነ የመኪናው መዝገብ ሁለቱንም ስሞች መያዝ አለበት። ብልሽቱ የብየዳ ከሆነ ተጠያቂው አንዱ፣ የሞልድ ከሆነ ሌላው ነውና።

መለማመድ የሚፈልግ ተማሪ ስፖርት መኪና እስኪያገኝ መጠበቅ የለበትም። ፊልቱ ወይም ነጌሌ ላይ የቆሙ አሥር የጭነት መኪናዎችን ከባለቤቶቻቸው አስፈቅዶ ይመልከት። በሣጥኑ ሥር ባሉት አግዳሚ ብረቶች መካከል ያለውን ርቀት ይለካ፤ ማዕዘኖቹ እንዴት እንደተቆረጡ፣ ብየዳው ምን ያህል እንደሚረዝምና የት እንደሚቋረጥ ይመዝግብ። ማንንም ሳይጠይቅ ከአንድ እጅ የወጡትን በአንድ ወገን ይመድብ። ከዚያ በኋላ ሾፌሮቹን ሣጥኑ የት እንደተሠራ ይጠይቅና ምድቡን ያስተያይ።