እንዶዱን ማን አየው?

ክረምት ላይ ከደብረ ማርቆስ ወደ ይጁቤ ስትወርዱ የመንገዱ ዳር ሁሉ አረንጓዴ ነው። ብዙዎቻችን ሰልፊ ተነስተን እናልፋለን። አጥር ላይ የተጠማዘዘውን እንዶድ ግን ማን ልብ ይለዋል?

ዶክተር አክሊሉ ለማ ልብ ብለውታል። በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱ ናቸው። የእናቶቻችን ሳሙና በሽታ መከላከያ የመሆን አቅም እንዳለው የታወቀው እንዲህ ነው።

የ"ኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ" መጻሕፍት ከ1980 እስከ 2009 በተሠራ ሥራ 6,000 ገደማ የዕፅዋት ዝርያዎችን መዝግበዋል። የየቀበሌውን ስምና አጠቃቀም ሁሉ ግን መጽሐፍ አይችለውም። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ፣ ይሄ ያልተቆጠረ ሀብት ነው፤ ባለቤቶቹም እያረጁ ነው።

እና ምን እናድርግ? አይናቹራሊስት የሚባለውን ነፃ አፕ ጫኑ። ቅጠሉን ከፊትና ከጀርባ፣ አበባውን፣ ፍሬውን፣ ከዚያ ሙሉ ተክሉን አንሱ። ሎኬሽን ክፍት ይሁን። ኔትወርክ ከሌለ ችግር የለም፤ ማርቆስ ስትመለሱ ትልኩታላችሁ። አፑ የሚሰጣችሁ ግምት ነው፤ የሚያውቁ ሰዎች አይተው ያረጋግጡታል ወይም ያርሙታል። አትንቀሉ፣ የማታውቁትንም አትቅመሱ።

ከዚያ ስልኩን ዝቅ አድርጋችሁ አጠገባችሁ ያሉትን ትልቅ ሰው ጠይቁ፦ "እናቴ፣ ይችን ምን ይሏታል? ለምንስ ትሆናለች?" ከፈቀዱላችሁ መልሱን ከፎቶው ሥር ጻፉት። የላቲኑን ስም አፑ ያመጣዋል፤ የይጁቤውን ስም የሚያውቁት ግን እሳቸው ናቸው።