ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ የእናት ሥራና የቁስል ማገገም
ለመልክም ሆነ ለሕመም በጡቷ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት እናት አንበሳሜ ቤቷ ስትገባ፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ከባድ ነገር እንዳታነሣ ትመከራለች። ምክሩ ምክንያት አለው፤ ሸክም የደረትን ጡንቻ ይወጥራል፤ ስፌቱ ሊላቀቅ፣ ደምና ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል።

ዳሩ ግን የአንድ ዓመት ሕፃን 9 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ደግሞ 20 ኪሎ ግራም ነው። የአንቀልባው ማንገቻም ደረትን ይጫናል። ስለዚህ እርሷ ትቀመጥ፤ ልጁን ሌላ ሰው አንሥቶ ያስታቅፋት፤ ማዘልና ውኃ መቅዳት ለቤተሰቡ ይተላለፍ።

ባህላችን አራስን ከሥራ አሳርፎ፣ ገንፎ አገንፍቶ ይንከባከባል። ይኸው ወግ ለዚህችም እናት ቢደርስ፣ ቁስሏ የመጠገኛ ጊዜ ያገኛል።