የጎረነነው ድምፅና የአያት መንዙማ

ባለፈው ረመዷን በሃያ ሰባተኛው ሌሊት ነው ነገሩ የሆነው። ቤታችን በዘመድ ተሞልቷል። ሾርባው ተነሥቶ ቡና ተፈልቷል፤ ሕፃናቱ የተረፈውን ሳምቡሳ ይሻማሉ። እናቴ ትራሷን ተደግፋ ልጄን ጠራችው። "በል የኔ ጌታ፣ የአያትህን አውጣልን" አለችው።

ያን መንዙማ አባቴ ከወሎ ይዞት የመጣ ነው። እሱ ካረፈ ወዲህ በየዓመቱ የሚያወጣው ልጄ ነበር፤ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ። እኛ ተቀባዮች ነን፤ አዝማቹን እያጨበጨብን እንመልሳለን። ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያውን ቤት ደህና አወጣው። ሁለተኛው ቤት ከፍ ይላል፤ እዚያ ላይ ድምፁ ስንጥቅ አለና እንደ ጫጩት ጮኸ። የአጎቶቹ ልጆች ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፣ ግን ሳቁ። ልጁ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ዓመቱን ሙሉ፣ ለዒድ ተክቢራ እንኳ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አልሰማነውም። እናቴ ብትለምነው "ሌላ ሰው ያውጣው፣ እማማ" ብቻ ሆነ መልሱ።

ይህ በብዙ ቤት የሚያጋጥም ነው። ወንድ ልጅ ወደ አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ዓመቱ ሲጠጋ ማንቁርቱ ያድጋል፣ የድምፅ አውታሮቹ ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉ፤ ድምፁም ስምንት ኖታ ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ጎረነነ የምንለው ይህንን ነው። ዕድገቱ ተፈጥሮ ነው፤ ያስቸገረው ግን ልጁ በአዲሱ ጉሮሮ የድሮውን ከፍታ በድሮው መንገድ ለመድረስ መሞከሩ ነው። እኔም በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ በሰፈራችን የነሺዳ ቡድን ውስጥ እንዲሁ ሳደርግ፣ ከፍ ያለውን ቦታ በጩኸት ስደበድብ፣ ድምፄ ለወራት ሻክሮ ቀርቷል። ማንም "ዝቅ በል" ያለኝ አልነበረም። "ወንድ አይደለህ እንዴ፣ ግፋ!" ነበር የሚሉኝ።

ዘንድሮ ከረመዷን በፊት ድምፅ የሚያሠለጥን ወዳጄን አማከርኩ። የነገረኝን መኪና ይዞ ዳገት የወጣ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። በአንደኛ ማርሽ ጉልበት አለ፣ ፍጥነት የለም። ፍሪሲዮን ሳይረግጡ ማርሽ ልቀይር ቢሉ ይንቋቋል፤ ሞተሩም ሊጠፋ ይችላል። ድምፅም ሁለት ማርሽ አለው። አንዱ ስንናገር የምንጠቀምበት፣ እጃችንን ደረታችን ላይ ብናሳርፍ ንዝረቱ የሚሰማን የደረት ድምፅ ነው። ሌላው ቀጭኑ፣ የሴት ድምፅ ስናስመስል የሚወጣው የራስ ድምፅ ነው። ወንዶች ሁለተኛውን እናፍርበታለን፤ ስለዚህ በአንደኛ ማርሽ ብቻ ዳገቱን እንፈጃለን።

ውስጡን እንየው። የድምፅ አውታሮች ሁለት ትናንሽ የሥጋ እጥፋቶች ናቸው። አዋቂ ወንድ ሲናገር በሰከንድ ከ100 እስከ 130 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥር ርግብግቢቱ ይጨምራል። እጥፋቱ ውስጥ ያለው ጡንቻ አውታሩን ያሳጥረዋል፣ ያወፍረዋል፤ ከውጭ በኩል ያለው ሌላ ጡንቻ ደግሞ ይስበዋል፣ ያቀጥነዋል። ብዙ ወንዶች በሰከንድ ከ300 እስከ 350 በሚሆነው ግድም ሲደርሱ ወፍራሙ ጡንቻ አልለቅም ይላል። ሲደክመው በአንዴ ይለቃል፤ ያኔ ነው ድምፅ የሚሰነጠቀው። ቅይጥ ድምፅ የሚባለው ጥበብ አንደኛው ቀስ በቀስ እየለቀቀ ሌላው ቀስ በቀስ እንዲረከብ ማስተማር ነው። ሦስተኛ ድምፅ የለም፤ ርክክብ ብቻ ነው ያለው። (ይህን ሁሉ ለማየት መጀመሪያ የተሳካለት ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ ስፔናዊ የድምፅ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 በጥርስ ሐኪም መስታወትና በፀሐይ ብርሃን የራሱን አውታሮች አየ። ሐኪም ሳይሆን አስተማሪ መሆኑ ይገርመኛል።)

የእኛ ቀደምት ሰዎች የጡንቻውን ስም ባያውቁም ሥራውን ያውቁ ነበር። የቁርኣን ቃሪኦችን አድምጡ። ግብፃዊው ዐብዱልባሲጥ ዐብዱስሰመድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1927 እስከ 1988 የኖሩት፣ ቂርኣታቸውን የሚጀምሩት ዝቅ ካለው ነው። ዐረቦች ያንን ቀራር፣ ከፍታውን ጀዋብ ይሉታል። ቀራር ላይ ያልተረጋጋ ጀዋብ ላይ አይቆምም። በወሎም አባቶቻችን ሐድራ ላይ ሲቀመጡ በለሆሳስ ይጀምሩና ሌሊቱ ሲጋመስ ነው ድምፁ የሚነሣው። የአዛንም ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። የአዛኑን ቃላት በሕልማቸው ያዩት ዐብደላህ ኢብን ዘይድ ሆነው ሳለ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለቢላል እንዲያስተምሩት ያዘዟቸው የቢላል ድምፅ የተሻለ ስለነበር ነው። ድምፅ አማና ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

ወዳጄ ለልጄ የሰጠው ልምምድ ግን ሲያዩት ቀልድ ይመስላል። የመጀመሪያው ሳምንት ከንፈርን ማንተክተክ ነው፤ ሕፃን መኪና ሲያስመስል እንደሚያደርገው "ብርርር" እያሉ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች መመላለስ። ከንፈሩ ከቆመ ትንፋሹ ወይ በዝቷል ወይ አንሷል ማለት ነው። በዚህ መንገድ መጮኽ አይቻልም፤ ጥቅሙም እሱ ነው። ልጄ አንድ ቀን ሳይታሰበው የዚያን መንዙማ ዜማ በ"ብርርር" ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጣው። ሁለተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ምንም አልተሰነጠቀም። "አባዬ፣ ሰማኸኝ?" አለኝ። ሰምቼዋለሁ።

ቀጥሎ አፍን ገጥሞ "ምምም" ማለት፣ ከዚያ ዜማውን በሙሉ "ነይ፣ ነይ፣ ነይ" በሚል ቃል ብቻ ማውጣት ነው፤ ያውም በአፍንጫ ጠርቶ፣ ደስ በማይል ሹል ድምፅ። ጎረቤት ማንን እንደሚጠራ ግራ ሳይገባው አልቀረም። ሹልነቱ አውታሮቹ እንዲገናኙ ይረዳል፤ ድምፁ ወደ ባዶ አየር እንዳይበተን ይይዘዋል። ደረት አልለቅ ብሎ የሚጮኽ ሰው ደግሞ ለስለስ ባለው "ሙም፣ ሙም" ቢለማመድ ይሻለዋል። ልጄ ሁለቱም ችግር ስለነበረበት ሁለቱንም እያፈራረቀ ሠራ።

ቃል ያለው ነገር የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። መጀመሪያ አጫጭር ሰለዋቶች፤ ዜማቸው ጠባብ ስለሆነ ከንግግር ብዙ አይርቁም። ቀጥሎ ሁላችሁም የምታውቁት "ጠለዐል በድሩ ዐለይና"። እሱም ብዙ ከፍታ አይጠይቅም፤ ደግሞም የሚጀምርበትን ቦታ እንደ ልብ መምረጥ ይቻላል። አንድ ቀን ዝቅ አድርጎ፣ በማግስቱ በአንድ ኖታ ከፍ አድርጎ፣ እንዲህ እያለ ርክክቡ ወዳለበት ቦታ በትንሽ በትንሹ መጠጋት ነው። መሣሪያ አያስፈልግም፤ በመሣሪያ ላይ የዑለማእ አስተያየት የሚለያይባቸው ቤተሰቦችም ያለ ሐሳብ ሊሠሩት ይችላሉ። የመጨረሻው የአያቱ መንዙማ ሆነ።

ስለ አናባቢዎች የነገረን ነገር ለኔ አዲስ ነበር። "አ"ን አፍ በልቅጦ ይዞ ወደ ላይ መውጣት ደረት እንዳይለቅ ያስገድዳል። ከፍታው ላይ ሲደርሱ "አ"ን ትንሽ ወደ "ኦ" ጠጋ ማድረግ፣ "ኢ"ን ደግሞ ላላ ማድረግ በሩን ይከፍታል። አድማጩ ልዩነቱን አይሰማውም። ይህ ግን ለመንዙማና ለነሺዳ ነው። በቁርኣን አይሞከርም፤ ፊደሉም መዱም የራሳቸው የተጅዊድ ሕግ አላቸው። የመድረሳው ኡስታዝ ልጄን ያስጠነቀቁት ይህንኑ ነው። ልክ ናቸው፤ ለድምፅ ማማር ተብሎ ሐርፍ አይለወጥም።

የጾሙ ወር ለዚህ ልምምድ ይመቻል ወይ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ሰዓቱን ከመረጡ ይመቻል። የምንጠጣው ውኃ የድምፅ አውታሮቹን በቀጥታ አይነካም፣ በሌላ ቱቦ ነው የሚወርደው፤ የሚያረጥባቸው ሰውነታችን ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ ሱሑር ላይ ሁለት ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ ከመገልበጥ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር በየመሐሉ መጠጣት ይሻላል። ዐስር ላይ፣ ጉሮሮ ደርቆ ሳለ፣ ከፍ ያለ ነገር መለማመድ ጉዳት ነው። እኛ ከተራዊሕ መልስ ሃያ ደቂቃ መደብን፤ ከዚያ አናልፍም። ዘይት የበዛበትን በልቶ ወዲያው መተኛትም ጠዋት ድምፅ ያሻክራል፣ የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮ ስለሚመለስ። የደከመ ድምፅን በሹክሹክታ አሳርፋለሁ ማለትም አይሠራም፤ ዝም ማለት ነው የሚያሳርፈው። ልምምዱ ካመመ ይቁም። ከሦስት ሳምንት የበለጠ የቆየ መሻከር ካለ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ይየው፤ እኔ ያኔ ሳልሄድ በመቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልጄ አሁን አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ድምፁ ገና አልጸናም፤ አንዳንድ ሌሊት ያ ሽንቁር ብቅ ይላል። ለውጡ፣ ሲሰነጠቅ እንደ በፊቱ አይደነግጥም፤ "ገና አልለቀቀም" ይልና ከታች ይጀምራል። ስለ ሃያ ሰባተኛው ሌሊት አንዳችን ለአንዳችን አናነሣም። እናቴም መጠየቋን ትታለች። ዘንድሮ ጉልበቷ ደክሟል፤ ከዒሻእ በኋላ ብዙ ሳትቆይ ትተኛለች።

ከትናንት በስቲያ ተራዊሕ ሰግደን ገባን። እሱ ወጥ ቤት ስኒ እያጠበ ነበር። ሳያስበው ይመስለኛል፣ የአያቱን መንዙማ ጀመረ፤ ከለመድነው በጣም ዝቅ አድርጎ፣ በአዲሱ ወፍራም ድምፁ። አባቴን ለሚያውቅ ሰው አንዳንድ ቦታ ላይ ያስደነግጣል። የመጀመሪያውን ቤት ጨረሰና ትንፋሽ ሲወስድ፣ ተኝታለች ካልናት ክፍል የእናቴ ድምፅ አዝማቹን ተቀበለ። ቀጭን ናት፣ ግን ቦታዋን አልሳተችም።

ልጁ ውኃውን ዘጋ። ስኒውን አስቀመጠና ሁለተኛውን ቤት አነሣ።